መርዝ ስለ ጠጣ መሬት

ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተሰናዳ ንግግር

ከጣርማ በር ወርዶ፥ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚዘልቅ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋው ብርድ ወጥቶ ከቈላው ሙቀት ይገባል። በግራው የቆመው ታላቅ ተራራ ክረምት በመጣ ጊዜ ውሃውንና አፈሩን ወደ ታች ይሰድዳል፤ ሮቢና ጀውሃም ይህን ተሸክመው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። የይፋት ቈላ ገበሬ በዚህ በወረደው አፈር ላይ ማሽላውንና ጤፉን ይዘራል፤ ማሾውን፥ ሽንኵርቱንና ቲማቲሙን ያበቅላል፤ ማንጎውንና ፓፓያውን ይተክላል። ስለዚህ በላይ በኩል በአፈር ላይ የተጣለ ነገር፥ ቢዘገይም እንኳ፥ በታች በኩል ካለው ማሳ መድረሱ አይቀርም።

አፈር እንደ ሰው ይታመማል ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ነገር ግን መርዝ የጠጣ መሬት የሚባለው፥ የሰው እጅ የሠራው ጐጂ ነገር ፈስሶበት ወይም ተቀብሮበት፥ በላዩ የሚኖረውን ሰውና ከብት የሚጐዳ መሬት ነው። እንዲህ ያለው መሬት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በፋብሪካዎች ዙሪያ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን በደሴ መንገድ ላይ ባለችው በኮምቦልቻ የፋብሪካዎች ፍሳሽ በትንንሾቹ ወንዞች፥ በለዮሌና በወርቃ፥ በኩል ወደ ቦርከና እንደሚወርድ፥ በውሃውም ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያለ ማዕድን እንደ ተገኘ የመረመሩት ሰዎች ጽፈዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ማዕድን ነው፤ ከመጠኑ አልፎ ከውሃና ከአፈር በገባ ጊዜ ግን ጐጂ ይሆናል።

የገጠር ሰው ይህን ሲሰማ «እኛ ዘንድ ፋብሪካ የለም» ብሎ ነገሩን ከራሱ ያርቃል። ፋብሪካው ሩቅ ቢሆንም የፋብሪካው ሥራ በበርሜልና በጆንያ ሆኖ ከገጠር ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የተባይ መርዝ የተከማቸበት አሮጌ መጋዘን፥ የመንግሥት እርሻ ሠራተኞች መርዙን ከውሃ ጋር ያዋሕዱበት የነበረ ግቢ፥ የትራክተር ዘይት የሚለወጥበት ጋራዥ፥ ነዳጅ የሚቀዳበት ስፍራ፤ እነዚህ ሁሉ በገጠር ውስጥ ያሉ የፋብሪካ ምድሮች ናቸው። ሥራቸው ባቆመ ጊዜ ግቢያቸው ባዶ ይቀራል፤ ባዶ የቀረውንም ግቢ ሰው ለሌላ ሥራ ይመኘዋል። መመኘቱ ነውር አይደለም፤ መሬት በጠበበበት አገር ባዶ ግቢ ታጥሮ ሊቀር አይገባውም። ነገር ግን ከመመኘት በኋላና ከመቈፈር በፊት መደረግ ያለበት ሥራ አለ።

መርዙ ወደ ኢትዮጵያ ገጠር የገባው ለክፋት ተብሎ አልነበረም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 ፓውል ሚውለር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ዲ.ዲ.ቲ. የሚባለው ነገር ተባይን እንደሚገድል አገኘ፤ በ1948ም ስለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኢትዮጵያም ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመ፥ ወደ 150,000 ሰውም እንደ ሞተ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ወባን የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ የሰው ቤት ግድግዳ በዲ.ዲ.ቲ. ይረጭ ጀመር። በይፋት ቈላ ልጁን ከወባ ያተረፈ አባት መርዙን ቢያመሰግን የሚፈርድበት የለም። አንበጣ፥ ተምችና ግሪሳ ወፍም የገበሬውን ድካም በአንድ ቀን የሚያጠፉ ጠላቶች ስለሆኑ ለእነርሱም ልዩ ልዩ መርዝ መጣ። በሸዋ ሮቢት አጠገብ ደግሞ የትምባሆ እርሻ ነበር፤ ትምባሆና ጥጥ ተባይ የሚበዛባቸው ተክሎች ናቸውና እነርሱን የሚያለማ ሁሉ የመርዝ ዕቃ ቤት ሳይኖረው አይቀርም።

ችግሩ የመጣው ከተረፈው ነው። አንበጣ ይመጣል ተብሎ መርዝ ይገዛል፥ ወይም ከውጭ አገር በእርዳታ ይሰጣል፤ አንበጣው ግን ሳይመጣ ይቀራል፥ ወይም መጥቶ ካለፈ በኋላ መርዙ ይደርሳል። መርዝም እንደ እህል የራሱ ዘመን አለው፤ አብዛኛው ከተሠራ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ጠባዩ ይለወጣል። ዘመኑ ያለፈበት መርዝ ተባዩን በሚገባ አይገድልም፤ ሰውን መጕዳቱን ግን አይተውም። በርሜሉ በቈላው ሙቀት ያብጣል፥ ይዝጋል፥ ይቀደዳል። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ተልጦ ይወድቃል፤ ዕቃ ቤቱን የሚያውቀው ሹም ይዛወራል፤ ቍልፉ ይጠፋል። በመጨረሻ የሚቀረው ሽታው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ክምችት በመላው ኢትዮጵያ ተበትኖ ይገኝ ስለ ነበረ፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ ማሰባሰብ ጀመረ። ሠራተኞች ሙሉ ልብስና ጭንብል ለብሰው የፈረሰውን በርሜል በአዲስ በርሜል ውስጥ እየከተቱ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ መርዝ በመርከብ ወደ ፊንላንድ አገር ላኩ፤ በዚያም ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሆነ ታላቅ እቶን ተቃጠለ። ይህን ያህል መንገድ መጓዙ ሰውን ያስደንቅ ይሆናል። ነገር ግን መርዝን በሜዳ ላይ በእንጨት እሳት ማቃጠል መርዙን ወደ ጢስነት መለወጥ ብቻ ነው፤ ጢሱም ከመርዙ የባሰ ሊሆን ይችላል። ይህ በየመንደሩ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው፤ የመርዝ ጆንያና ባዶ ጠርሙስ ሰብስቦ ከደጅ ማቃጠል የተለመደ ሆኗልና።

በርሜሉ ተጭኖ ይሄዳል፤ ከበርሜሉ የፈሰሰው ግን ከዕቃ ቤቱ ወለልና ከግቢው አፈር ጋር ይቀራል። ይህ የቀረው ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ዲ.ዲ.ቲ.ን መመልከት ይበቃል። ዲ.ዲ.ቲ. በውሃ አይሟሟም፤ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ይጣበቃል። በአፈር ውስጥ ካለው ግማሹ እስኪጠፋ ድረስ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ጠባይ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል፤ የቀረውም ግማሽ እንደዚሁ ግማሽ ግማሹን እያለ ይጓዛል። ጐርፍ በመጣ ጊዜ ከቅንጣቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዶሮ አፈሩን ስትጭር ትውጠዋለች፤ ከውጠችውም ከፊሉ ወደ እንቍላሏ ይገባል። ላም ከዚያ ስትግጥ ከሣሩ ጋር አፈሩን ትልሳለች፤ መርዙ ስብ ወዳድ ነውና ወደ ወተቷ ይሄዳል። ከአትክልትም ወገን ዱባ ከሌሎቹ ይበልጥ ከአፈር ስቦ የመውሰድ ጠባይ አለው። በጅማ፥ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የእናቶችና የላሞች ወተት ተመርምሮ ዲ.ዲ.ቲ. እንደ ተገኘበት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2013 ታትሟል። ማንም በወተት ላይ መርዝ አልጨመረም፤ ከግድግዳ፥ ከማሳና ከአፈር ተነሥቶ በራሱ መንገድ ሄዶ ደረሰ እንጂ።

አሁን አንዲት መንደር ትታሰብ። ይህች መንደር ለትምህርት የተሣለች ምሳሌ ናት እንጂ በስም የምትታወቅ አይደለችም። በሮቢ ወንዝ አጠገብ ናት፤ ትምህርት ቤት አላት፤ ትምህርት ቤቱ ግን አትክልት የሚተክልበት መሬት የለውም። የቀበሌው ሹማምንት መክረው፥ ሥራ ካቆመ ብዙ ዘመን የሆነውን የአሮጌ መጋዘን ግቢ ለትምህርት ቤቱ ሰጡ። ግቢው ደልዳላ ነው፤ አጥር አለው፤ የመስኖው ቦይ በአጠገቡ ያልፋል። መምህሩ በስጦታው ደስ ብሎት በአንድ ቅዳሜ ጥዋት ተማሪዎቹን መቈፈሪያና አካፋ አስይዞ መጣ። ከአጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ እኒህ ሰው በወጣትነታቸው የመጋዘኑ ዘበኛ ነበሩ።

«መምህር፥ ልጆቹን ይዘህ ወዴት ነው?» አሉት።

«አትክልት ልንተክል ነው አባቴ። ቀበሌው ይህን ግቢ ለትምህርት ቤቱ ሰጠን።»

«ከጓሮ በኩል ያለውን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ምን አለ?»

ሽማግሌው ተነሥተው በምርኵዛቸው እየመሩ ወሰዱት። ከመጋዘኑ ኋላ፥ ዙሪያው ሣር ሆኖ ሳለ፥ ሦስት ክንድ ስፋት ያለው አንድ ቦታ ራቍቱን ቀርቶ ነበር።

«ይህ ክረምት ከበጋ ሣር አብቅሎ አያውቅም። አንድ ዓመት ጣራው አፍስሶ ካርቶኑ ሁሉ ራሰ። አለቃዬ ‹ጠርገህ ወደ ውጭ ድፋው› አለኝ፤ እኔም በአካፋ ጠርጌ ከዚህ ደፋሁት። በሳምንቱ ከዚህ የጫሩት ዶሮዎች አለቁ። የጐረቤቶቹን ዶሮ ዋጋ ከደመወዜ ከፈልሁ።»

«ታዲያ ይህን ለሹማምንቱ ለምን አልነገሩም አባቴ?»

«የጠየቀኝ የለማ ልጄ።»

መምህሩ ተማሪዎቹን መቈፈሪያቸውን አስይዞ መለሳቸው። ልጆቹ ቅር አላቸው፤ የሽንኵርት ፍሬ በእጃቸው ይዘው ነበርና። አንዱ ተማሪም «ራቍት ከሆነው ቦታ ርቀን ሣሩ በሚያምርበት ብንተክልስ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱ ግን ከባድ ነው። ሣርን የሚያደርቅ መርዝ የአረም መርዝ ነው። ነፍሳትን ለመግደል የተሠራው፥ እንደ ዲ.ዲ.ቲ. ያለው፥ በተለመደው መጠን ሣርን አይነካም፤ ሣሩ ለምልሞ ሳለ አፈሩ የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራቍት ቦታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የለመለመ ቦታ ግን ዋስትና አይደለም። የመሬትን ነገር ዓይን አይጨርሰውም፤ አፍንጫም ሽታው ከጠፋ በኋላ አይረዳም። የሚረዳው በዚያ ስፍራ የሠራ ሰው ትዝታና የመርማሪ ሚዛን ነው። ትዝታው ከሰውየው ጋር ያልፋልና በቶሎ ሊጻፍ ይገባዋል።

ይህ የሚደርሰው በድኻና ባልተማረ አገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር በአሜሪካ የሆነውን ይስማ። በኒው ዮርክ ግዛት በናያግራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል የሚባል ያላለቀ ቦይ ነበረ። አንድ የኬሚካል ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1942 ጀምሮ ወደ 21,000 ቶን የሚደርስ ዝቃጭ በዚያ ቦይ ቀበረ፤ በ1953ም ላዩን አፈር አልብሶ ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው። በውሉ ላይ ኬሚካል የተቀበረበት መሆኑ ተጽፎ ነበር። ቦርዱ ግን መሬቱ ርካሽ ነውና በዚያው ላይ ትምህርት ቤት ሠራ፤ ትምህርት ቤቱም በ1955 ተከፈተ። በዙሪያውም ቤት ተሠራ፤ ሰውም ገዝቶ ገባ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዝናብ በበዛ ቍጥር መርዙ ወደየቤቱ ምድር ቤት ይሰርግ ጀመር። በ1978 የግዛቱ መንግሥት የአደጋ አዋጅ አወጀ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በ1980 የአሜሪካ መንግሥት የተመረዘ መሬት የሚነጻበትን ሕግ ያወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ማስጠንቀቂያው በወረቀት ላይ ነበረ፤ ወረቀቱን አንብቦ መሬቱን እንቢ ያለ ሰው ነው የጠፋው። የይፋቱ ሽማግሌ ወረቀት የላቸውም፤ ከአጥሩ ሥር መቀመጣቸው ግን ከወረቀቱ ይልቅ ጠቀመ።

ላቭ ካናልም እንደ ተተወ አልቀረም። የተቀበረው ቢወጣ የባሰ ይሆናል ተብሎ በሸክላ አፈርና በላስቲክ ተከደነ፤ የሚሰርገው ውሃ ወደ ማጣሪያ የሚሄድበት ቦይ ተሠራለት፤ ዙሪያውም ታጠረ። ከአጥሩ ውጭ ካሉት ቤቶች ከፊሎቹ ተመርምረው በ1990ዎቹ ሰው ተመልሶ ገባባቸው። እንግዲህ ማንጻት ሲባል ሁልጊዜ መርዙን ማጥፋት ማለት አይደለም፤ ማውጣት አለ፥ መክደን አለ፥ ማድከም አለ። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው አፈሩ ከተመረመረ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማጠርና መለካት ነው። ስፍራው በእሾህ ይታጠራል፤ ከብትና ዶሮ እንዳይገባ ይደረጋል። ከዚያ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢ ጥበቃ ሹማምንት ይጻፋል፤ መርማሪዎቹም መጥተው ከልዩ ልዩ ስፍራ፥ ከላይኛውና ከጠለቀው አፈር፥ እየለዩ በንጹሕ ዕቃ ይወስዳሉ። ይህ የመምህር ወይም የተማሪ ሥራ አይደለም። አፈሩን በእጅ መንካት፥ ማሽተት፥ በርሜሉን መክፈት ክልክል ነው። መምህሩ ሊሠራው የሚችለው ከዚህ የማያንስ ሌላ ሥራ አለ፤ ሽማግሌዎችን ማነጋገር፥ የግቢውን ሥዕል በወረቀት ላይ ማውጣት፥ መርዙ የፈሰሰበትን፥ ውሃው የሚሄድበትንና የጕድጓድ ውሃ ያለበትን ስፍራ ምልክት ማድረግ።

መርዙ ጥቂት ስፍራ የያዘና ከላይኛው አፈር ያልዘለቀ እንደ ሆነ ጠርጎ ማውጣት ይሻላል። በናይጄሪያ በዛምፋራ ግዛት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 የታየው ሥራ ለገጠር ሰው ትልቅ ምሳሌ ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በግቢያቸው ይፈጩ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ብዙ እርሳስ ነበረበት። የእርሳሱ ብናኝ በግቢው አፈር ሁሉ ተበትኖ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ሐኪሞች መጡ፤ ነገር ግን ልጁ ታክሞ ወደዚያው ግቢ ቢመለስ ዳግመኛ ስለሚመረዝ ከሕክምናው በፊት ግቢው መንጻት ነበረበት። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ሥራውን ተምረው፥ ተከፍሏቸው፥ የላይኛውን አፈር ከየግቢው በእጅ መሣሪያ ጠርገው ከመንደር ርቆ በተዘጋጀ ጕድጓድ ቀበሩት፤ በምትኩም ንጹሕ አፈር አምጥተው ደለደሉ። ባጌጋ የምትባለው ትልቋ መንደር ግን ገንዘቡ ስለ ዘገየ እስከ 2013 ድረስ ጠበቀች። የባጌጋ ልጆች ሦስት ዓመት መጠበቃቸው ሥራው ከባድ ስለ ነበረ አልነበረም፤ ሌሎቹ መንደሮች የነጹት በዚያው ዓይነት አካፋ ነበርና።

መርዙ በሰፊ ማሳ ላይ የተበተነ እንደ ሆነ ግን አፈሩን ሁሉ ማውጣት አይቻልም። በማሊ አገር የተመረዘውን አፈር ከፍግ ጋር እያዋሐዱ፥ ውሃ እያጠጡና እያገላበጡ፥ በዓይን የማይታዩት ትንንሽ ሕያዋን መርዙን እንዲበሉት አድርገዋል። ይህ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ወራትና ዓመታት ይፈልጋል፤ ለመርዝ ዓይነት ሁሉም አይሆንም፤ እንደ እርሳስና እንደ ክሮሚየም ያለውን ማዕድን ማንም ሕያው በልቶ አያጠፋውም። የከሰል ዱቄትም ከአፈር ጋር ሲዋሐድ መርዙን ወደ ራሱ ስቦ ስለሚይዝ ወደ ተክል ሥር የሚያልፈው ያንሳል። መርዙ ግን በዚያው አለ፤ በምርመራም እየታየ ሊጠበቅ ይገባዋል።

በይፋት ቈላ ስለ መክደን ሲታሰብ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በሌላ አገር የተመረዘውን ስፍራ በሸክላ አፈር ከድኖ ደልድሎ መተው ይበቃ ይሆናል። የቈላው ጥቁር የመረሬ አፈር ግን በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ አፈር የተከደነ መርዝ በር የሌለው ቤት ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ይደርስበታል። ስለዚህ መክደኛው የማይሰነጠቅ አፈር ተፈልጎ ከሌላ ስፍራ መምጣት አለበት፤ እየተጠቀጠቀ መደልደልም አለበት። ሁለተኛውም ነገር ጐርፉ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጐርፍ መንገዱን ከዓመት ዓመት ይለውጣል፤ አምና ደረቅ የነበረው ዘንድሮ ወንዝ ይሆናል። ከጐርፍ መንገድ ላይ ያለ የመርዝ ስፍራ ቢከደንም አይታመንም፤ ተጠርጎ ሊወጣ ይገባዋል፤ እስኪወጣም ድረስ በላይ በኩል የውሃ መቀልበሻ ቦይ ይቈፈርለታል። ይህ ቦይ የመንደሩ ሰው በራሱ እጅ፥ በሁለት ቀን ደቦ፥ የተመረዘውን አፈር ሳይነካ ሊሠራው የሚችል ነው።

ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በመንደር ሁሉ ይነሣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 የበከለው ሰው እንዲያነጻ ወይም የማንጻቱን ዋጋ እንዲከፍል ያዛል። ሕጉ ቅን ነው። የድሮው እርሻ ፈርሶ፥ ዕቃ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በካዩ በማይታወቅበት ጊዜ ግን ሸክሙ በሕዝብና በመንግሥት ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህም ብዙ ስፍራ ሳይነጻ ይቈያል። በሥራ ላይ ያለ መጋዘንና እርሻ ዛሬ ቢጠበቅ የነገው ዋጋ ይቀንሳል። ለገበሬውም ቢሆን የመርዙን ጄሪካን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ ማለቅለቂያውን ወደ መርጫው መመለስ፥ ባዶውንም በስቶ ከሰው ማራቅ ቀላል ሥራ ነው። በየቤቱ ግን ያ ጄሪካን ውሃና ጠላ ሲቀዳበት ይታያል፤ ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ቸልተኞች ሆነው አይደለም፤ ጄሪካን ውድ ስለሆነ ነው።

መሬቱ ከነጻ በኋላም ቢሆን ለሁሉ ሥራ አይሆንም። ሥራው እንደ ንጽሕናው ሊመረጥ ይገባል። ጥቂት መርዝ የቀረበት ስፍራ ወለሉ በሲሚንቶ ከተለበሰ ለእህል የማይሆን ዕቃ ማስቀመጫ፥ ለመኪና ማቆሚያ፥ ለብረት ሥራ ቤት ይሆናል። ለቤት መሥሪያ የሚሆን ባሕር ዛፍ ሊተከልበት ይችላል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። የጓሮ አትክልት፥ የከብት በረት፥ የዶሮ ቤት፥ የውሃ ጕድጓድና የሕፃናት መጫወቻ ግን በመጨረሻ የሚፈቀዱ ናቸው፤ እነርሱም የሚፈቀዱት ምርመራው ንጹሕ ነው ባለ ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለነጋዴ የማይሆን፥ ለሹም ቤት የማይፈለግ ግቢ ሲገኝ «ለትምህርት ቤት ይሁን» ይባላል፤ ተቀባዩም ስጦታ ነውና አመስግኖ ይቀበላል።

በምሳሌዋ መንደር ግን መምህሩ ስጦታውን ለቀበሌው መለሰ። የመለሰውም በደብዳቤ ነበር፤ በደብዳቤው ሽማግሌው የነገሩትን ሁሉ ጽፎ፥ ሽማግሌውም በጣታቸው ፈርመውበት። አንዳንዱ ሰው «የተሰጠውን መሬት የሚመልስ ምን ዓይነት መምህር ነው?» ብሎ አማው። የቀበሌው ሊቀ መንበርም ተቈጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን የራሱ ላም ከዚያ ግቢ አጥር ሥር እንደምትግጥ ትዝ ባለው ጊዜ ዝም አለ፤ ለወረዳውም የተጻፈው ደብዳቤ በእርሱ ማኅተም ሄደ። ለአትክልቱ ደግሞ ከግቢው በላይ በኩል፥ ከመስኖው መግቢያ አጠገብ፥ ጠባብና ድንጋያማ የሆነ መሬት ተሰጠ። ተማሪዎቹ ድንጋዩን ለመልቀም አንድ ወር ፈጀባቸው።

መርማሪዎቹ እስኪመጡ ድረስ ሽማግሌው በየቅዳሜው ወደ ትምህርት ቤቱ እየመጡ ለትልልቆቹ ተማሪዎች የግቢውን ነገር ነገሯቸው፤ ተማሪዎቹም ሥዕሉን በወረቀት ላይ አወጡ። በርሜሎቹ የት እንደ ነበሩ፥ አውሮፕላን ለግሪሳ ሊረጭ በመጣ ጊዜ መርዙ በየት በኩል እንደ ወጣ፥ ሠራተኞቹ እጃቸውን የት ይታጠቡ እንደ ነበረ፥ ሁሉም ተጻፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው ሥዕሉን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ጣታቸውን ከግቢው አጥር ውጭ፥ በቦዩ ማዶ፥ አንዲት ግራር ከተሣለችበት አጠገብ አኖሩ።

«እዚህ ጋ ግን ሌላ አለ» አሉ። «የተቀደዱትን አምስት በርሜል ቀብረናል። ጥልቀቱ የሰው ቁመት አይሞላም።»

መምህሩ ከዛፏ እስከ ስፍራው ያለውን እርምጃ ጠይቆ ጻፈ። ከዚያ ስፍራ እስከ መስኖው ቦይ ያለውንም ራሱ ሄዶ ከማዶ ሆኖ ለካ፤ 14 እርምጃ ነበር። በዚያው ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ ለወረዳው ተጻፈ። ወሩ ሚያዝያ ነበርና፥ ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን ከዚያ ለማራቅ የመንደሩ ሰው በማግሥቱ በደቦ ወጣ።